ጋሼ ለምን ጠረጉት?

እሺ… እየቀዳ ነው? ቀዩ መብራት በርቷል። ሰላም ናችሁ።

ዛሬ እንግዳ የለም። ቃል የገባሁላችሁ ክፍልም ይዘገያል። ይቅርታ አልልም፣ ለምዳችሁታል። ድመቷ ውጭ ናት። በሩን መቧጨር ከጀመረች እንዳልሰማን እንሁን።

ስለ ጋሼ ላወራ ነው። ታውቋቸዋላችሁ። አሮጌ ሞተር ሳይክል የሚሰበስቡት፣ ያረፉት ጋሼ። «ቁልፌን መልሺ» የሚሉት፣ የቡሎን መፍቻዋን ማለቴ ነው። መልእክት የላካችሁልኝ ሁሉ፣ አንብቤዋለሁ። አልመለስኩም። ምን ብዬ እንደምመልስ ጠፍቶኝ ነው። አንዱ ግን «ታዲያ ቁልፏን መለስሻት?» ብሎ ጻፈልኝ። ሳቄ መጣ። ከዚያ ሳላስበው አለቀስኩ። አንተ ክፉ፣ ተባረክ።

አልመለስኳትም። ይኸው ጠረጴዛው ላይ ናት።

ለቅሶው ላይ ብዙ ተወራ። ደግ ነበሩ። ለጋስ ነበሩ። ያላቸውን የማይሰስቱ ነበሩ። እኔ ጥግ ይዤ በሆዴ «ስለማን ነው የሚያወሩት?» እላለሁ። ጋሼ ጊዜ አይሰስቱም፣ እውነት ነው። ስለ አንድ ካርቡራተር፣ ቤንዚንና አየር ስለሚቀላቅለው ዕቃ፣ ለማስረዳት ሙሉ ከሰዓት ይቆማሉ። ቁልፍ ግን አያውሱም። አንዲት ሮንዴላ አይሰጡም። ደግሞ አንዱ ተነስቶ «እኛ እኮ ባለቤት አይደለንም፣ ለሚቀጥለው ትውልድ ጠባቂዎች ነን» አለ። አሮጌ ሞተር የሚሰበስብ ሰው ሁሉ ይቺን ነገር ይላታል። ጋሼ ብለዋት አያውቁም። «የኔ ናት» ነው የሚሉት። እኔ ደግሞ ለዚህ ነው የምወዳቸው።

ስለ ቁልፉ ግን ልፍረድላቸው፤ ስስት ብቻ አልነበረም። የድሮ የእንግሊዝ ሞተር ቡሎን በሚሊሜትር አይደለም። በኢንች ነው እንዳትሉ፣ እኛ በምናውቀው ኢንችም አይደለም። ጆሴፍ ዊትዎርዝ የሚባል ኢንጂነር በ1841 ያወጣው ስታንዳርድ አለ። ዓመቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምናገረው፣ አትደናገሩ። የቡሎኑ ጥርስ 55 ዲግሪ ነው። ቁልፉ ላይ የተጻፈው ቁጥር ደግሞ የቁልፉን አፍ አይነግርሽም፣ የቡሎኑን ውፍረት ነው የሚነግርሽ። ስለዚህ የተለመደውን ቁልፍ ይዘሽ ትመጫለሽ። ወይ አይገባም፣ ወይ ገብቶ ይላወሳል። ትንሽ ስትታገይ የቡሎኑ ጠርዝ ይላጣል። አለቀ። ያንን ቡሎን በየሱቁ አታገኚውም፤ ብዙ ጊዜ ከሌላ አሮጌ ሞተር ላይ ፈልገሽ ነው የምታመጪው። ለዚህ ነው ጋሼ በቁልፍ የማይቀልዱት። ለዚህም ነው እኔ ጋ የቀረችዋን አንዷን እስከመጨረሻው ሲጠይቁኝ የነበሩት።

እሷን ስይዛት አሁን… እሺ፣ ወደ ነገሬ ልግባ።

አንድ ነገር አልለቀኝ ብሏል። ትንሽ ነገር ናት። ለእትዬ፣ ለጋሼ ባለቤት፣ ስነግራቸው «ይኼ ነው?» ብለውኛል።

ጋሼ ኤም 20 የምትባለውን ሞተራቸውን ማንም እንዲያስነሳት አይፈቅዱም ነበር። ማየት ይቻላል። መጥረግ ይቻላል፣ እንዲያውም ግዴታ ነው። ማስነሳት ግን የለም። ሌሎቹን አስነስቻለሁ። ትራይምፏን አስነስቻለሁ። ቢ.ኤም.ደብሊውዋን፣ ያቺን ካቴና የሌላትን፣ አስነስቻለሁ። በነገራችን ላይ ቢ.ኤም.ደብሊው ከ1923ቱ አር 32 ጀምሮ ለአሥርት ዓመታት በካቴና ፈንታ ዘንግ ነው የተጠቀመው። ጋሼ «ሰነፍ የሚነዳት» ይሏታል፣ ካቴና ዘይት መቀባት ስለሌለባት። ኤም 20ን ግን «ክብደትሽ አይበቃም» ይሉኛል። «ትመልስብሻለች።»

ለማያውቃት፦ ቢ.ኤስ.ኤ. ኤም 20። አንድ ሲሊንደር፣ 496 ሲሲ። ከ1937 ጀምሮ የተሠራች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ጦር ከመቶ ሺህ በላይ ገዝቷታል። መልእክት የሚያደርሱ ወታደሮች ነበሩ የሚነዷት። ከባድ ናት። ዝግ ያለች ናት። ቆንጆ አይደለችም፣ እውነቱን እንነጋገር። የውድድር ሞተር አይደለችም። ማንም ግድግዳው ላይ ፎቶዋን አይሰቅልም። ሰብሳቢዎች ቪንሰንት ብላክ ሻዶው ሲሰሙ አፋቸው ውሃ ይሞላል። አንድ አሜሪካዊ፣ ሮሊ ፍሪ፣ በ1948 በመዋኛ ቁምጣ ብቻ በቪንሰንት ላይ በሆዱ ተኝቶ በቦንቪል ጨው ሜዳ በሰዓት 150 ማይል አልፏል። ወደ 240 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። በቁምጣ! ያንን ፎቶ ጋሼ አይወዱትም። «ቆዳው ምን በደለው?» ይላሉ።

ይህን ያነሳሁት ለምን ነበር? አዎ። ጋሼ ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ማንም የማይመኘውን ነበር። ለምን እንደሆነ ጠይቄያቸው አላውቅም።

እና ያን ቀን። ደውለው ጠሩኝ። ጋራዡ በር ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል። በጣም ከስተዋል። ሸሚዛቸው የሌላ ሰው ይመስላል። ሰላም አልኳቸው፣ ቁልፏን ጠየቁኝ። እንደተለመደው ረሳሁ አልኩ። ተነሱ። ኤም 20 ጋ ሄዱ። ሁሉን አዘገጃጁ፣ እግራቸውን የማስነሻው ፔዳል ላይ አደረጉ፣ ረገጡ። አልወረደም። ማለቴ ፔዳሉ ወረደ፣ ግን ቀስ ብሎ፣ እንደማይፈልግ ነገር። ደገሙት። ከዚያ መሪውን ይዘው ዝም ብለው ቆሙ።

እኔ ጣሪያ ጣሪያውን እያየሁ ነው። ምን ታያላችሁ እንዲህ ያለ ጊዜ?

«ነይ እስቲ» አሉኝ። «ርገጫት።»

እንግዲህ ስሙኝ። ይህን ክፍል በጭንቅላቴ ስደጋግመው ስለከረምኩ በዝርዝር ነው የምነግራችሁ። መሰላቸት ይፈቀዳል።

እንደ አዲስ ጀመርኩ። ቤንዚኑን ከፈትኩ። ካርቡራተሯ ላይ ትንሽ ፒን አለች። ቤንዚን እስኪንጠባጠብ በጣትሽ ትጫኛታለሽ። ጣትሽ ቀኑን ሙሉ ቤንዚን ይሸታል። የአየሩን ማንሻ ዘጋሁ። ከዚያ ብልጭታው። መሪው ላይ ሌላ ማንሻ አለ፤ ካንዴላው መቼ እሳት እንደሚሰጥ በሱ ነው የምትወስኚው። ዛሬ ኮምፒዩተር የሚሠራውን ያን ጊዜ አውራ ጣት ነበር የሚሠራው። ሞተሯን ስታስነሺ ብልጭታውን ታዘገዪዋለሽ። ካላዘገየሽው ፒስተኑ፣ ሲሊንደሩ ውስጥ ላይ ታች የሚለው ብረት፣ ጫፍ ሳይደርስ እሳቱ ይቀድመዋል። ፒስተኑ ወደመጣበት ይመለሳል። ፔዳሉም ከነእግርሽ ይመለሳል። «ትመልስብሻለች» የሚሉት ይህን ነው። ቁርጭምጭሚቱን የሰበረባት ሰው ሞልቷል።

ምን ያህል ታዘገዪዋለሽ? ትንሽ። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ከዚያ ደግሞ ዋናዋ። ሦስተኛ ማንሻ አለች፣ ትንሽዬ። ስትጎትቻት የጭስ ማውጫውን ቫልቭ ከፈት ታደርገዋለች። በሲሊንደሩ ውስጥ የታመቀው አየር ይተነፍሳል። አሠራሩ እንዲህ ነው። ፔዳሉን ቀስ ብለሽ ትገፊያለሽ። የሆነ ቦታ ላይ ግትር ይልብሻል። እዚያ ጋ ፒስተኑ ጫፍ ሊደርስ ነው። ማንሻዋን ጎትተሽ ለጥቂት ታሳልፊዋለሽ። ፔዳሉን ወደላይ ትመልሻለሽ። ማንሻዋን ትለቂያለሽ። አሁን ፒስተኑ ጫፉን አልፏል። እንደገና እስኪታመቅ ድረስ ረጅም መንገድ አለው፣ ሞተሯ በዚያ መንገድ ላይ ፍጥነት ትይዛለች። ነዳጅ አትሰጪም። በሙሉ እግርሽ፣ ሳትፈሪ፣ እስከ ታች።

ተነሳች። ወዲያው ተነሳች።

ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ። ያቺ ሞተር ስትነሳ መቁጠር ትችላላችሁ። እኔ እየሳቅኩ ዞርኩ። «አየህ ወይ ዓለም!» በሚል ፊት። ጋሼ ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው እየሰሙ ነው። እኔን አያዩም። ከዚያ እጃቸውን አነሱ። አጥፊ ማለት ነው።

ማጥፊያ ቁልፍ የላትም። እሳቷ ከማግኔቶ ነው የሚመጣው፣ ራሷ ታመነጨዋለች። ለመነሳት ባትሪ አትፈልግም። ያቺኑ ትንሽ ማንሻ ጎትተሽ ትንፋሽ ታሳጫታለሽ። ጎተትኩ። ጠፋች።

ጋሼ ከኪሳቸው ጨርቅ አወጡ። ጎንበስ አሉ። ያን ጊዜ ጎንበስ ማለት ለሳቸው ቀላል እንዳይመስላችሁ። ፔዳሉን ጠረጉት። እግሬ የነካውን። ቀና አሉ። «ጥሩ ነው» አሉ። ቤት ገቡ።

ይኸው ነው። ሌላ የለም።

ከዚያ በኋላ ሞተርም ሳናነሳ ሆስፒታል ነው የተገናኘነው። ስለዚህ አልጠየቅኳቸውም።

እና እኔ ምን እንደማስብ ታውቃላችሁ? አንዳንድ ቀን ተቀይመውብኝ ነው እላለሁ። ዕድሜ ልካቸውን «ይህ የኔ እግር ብቻ የሚያውቀው ነው» ብለው የኖሩትን እኔ መጥቼ በአንድ እርግጫ… ደግሞ ሳቅኩ። ለምን ሳቅኩ? አንዳንድ ቀን ደግሞ የለም፣ ደስ ብሏቸው ነው እላለሁ። «ጥሩ ነው» ከጋሼ አፍ ሲወጣ እኮ ከሌላ ሰው ሽልማት ነው። ግን ጨርቁስ? ላብ ኒኬል ያበላሻል፣ ስለዚህ እጅ የነካውን ሁሉ ይጠርጋሉ፣ ይህን አውቃለሁ። መሪ ይጠርጋሉ። ሰርባትዮ ይጠርጋሉ። ፔዳል ይጠረጋል እንዴ? ጫማ የሚረግጠው ነገር!

ደግሞ «ክብደትሽ አይበቃም» የሚሉት ነገር። ያቺ ማንሻ የተሠራችው እኮ ክብደት እንዳያስፈልግ ነው! ጋሼ ይህን አያውቁም? ከኔ በላይ ያውቃሉ። ታዲያ ያን ሁሉ ዘመን ለምን ዋሹኝ? ትንሽ ተናድጃለሁ። የሞተ ሰው ላይ መናደድ ደስ አይልም፣ ማንም አያጽናናሽም።

…ድመቷ ናት። ዝም በሏት።

ቆይ፣ አንድ ነገር ጋራዡን ሳስብ ትዝ አለኝ። የተሰበሩ ዕቃዎች መደርደሪያ አላቸው። የተሰነጠቀ ፒስተን፣ የተጣመመ ቫልቭ፣ የተበላ ኩሽኔታ። አይጣልም። በርት መንሮ የሚባል የኒውዚላንድ ሰው ነበር። በ1920 የተሠራች ኢንዲያን ስካውት ይዞ፣ ፒስተኖቿን ራሱ እያቀለጠ እየሠራ፣ በ1967 በቦንቪል ከ183 ማይል በላይ ሮጠ። ያኔ 68 ዓመቱ ነው። ሞተሯ 47። እሱም ያቃጠላቸውን ፒስተኖች መደርደሪያ ላይ ደርድሮ «ለፍጥነት አምላክ የቀረበ መባ» ብሎ ጽፎባቸው ነበር። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው ሳቁ። የጋሼ መደርደሪያ ግን ጽሑፍ የለውም። አንድ ቀን ምንድን ነው ይህ ሁሉ ብላቸው «ሂሳብ» አሉኝ። ምን ማለት ነው? እንጃ። አሁን መደርደሪያውን ማን ይወስደዋል? የሚገዛው የለም። የሚጥለው ሰው ደግሞ እኔ አልሆንም።

ወደ እትዬ ልምጣ። እዚህ ጋ ነው ነገሩ የተበላሸብኝ።

ሞተሮቹ ሊሸጡ ነው። ሁሉም ባይሆኑ አብዛኞቹ። አንድ ሰውዬ ኤም 20ን ሊያይ መጣ። ባትሪ ይዞ ተንበርክኮ ቁጥር ያነብባል። ከዚያ ፊቱን ኮስተር አድርጎ «የሞተሩና የሻንሲው ቁጥር አይገጥምም» አለ። ዋጋ ሊያወርድ ነው። እኔ አፌን ልከፍት ስል እትዬ ቀደሙኝ። ያውም ሽንኩርት እየላጡ። «ልጄ፣ ቢ.ኤስ.ኤ. በዚያ ዘመን መቼ አገጣጥሞ ያውቃል? ለየብቻ ነው የሚመታው። ከፊቱ ደብሊው ካለበት የጦርነቱ ናት፣ አንብበው።» ሰውዬው ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። እትዬ ስለ ሞተር አንዲት ቃል ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም! ሁልጊዜ «እነዚያ ብረቶች» ነው የሚሏቸው።

ሰውዬው ሲሄድ ያን ታሪክ ነገርኳቸው። አስነሺ እንዳሉኝ፣ ማንም አስነስቷት እንደማያውቅ፣ ጨርቁን፣ ሁሉን። ሰሙኝ። «ይኼ ነው?» አሉ። ከዚያ «እሳቸው መለዋወጫ ፍለጋ ሲሄዱ ማን ያስነሳት ነበር መሰለሽ?» አሉ።

ምን?

የድሮ የእንግሊዝ ሞተር ብዙ ጊዜ ዘይቱ የሚቀመጠው ለብቻው በታንክ ነው። ሞተሯ ብዙ ቀን ከቆመች ዘይቱ በፓምፑ አልፎ ቀስ እያለ ወደ ሞተሩ ሆድ ይወርዳል። ስለዚህ በየጊዜው መነሳት አለባት። ጋሼ ደግሞ አንዲት ማግኔቶ ለማየት አገር የሚያቋርጡ ሰው ናቸው። ሲመለሱ ሞተሯ ደህና ናት። እኔ ይህን አስቤው አላውቅም። እትዬ ናቸዋ! በዚያ ቁመናቸው! «ማንሻዋ አለች አይደል» አሉኝ። ልክ እንደ ቀላል ነገር።

«ጋሼ ያውቁ ነበር?» አልኩ።

«ምን አውቄ። ጠርጌ ነው የምተዋት።»

ምኑን ብዬ አልጠየቅኩም። መጠየቅ ነበረብሽ ትሉኛላችሁ፣ አውቃለሁ። እሳቸው ሽንኩርታቸውን እየላጡ ነው፣ ዓይናቸው ያነባል፣ ሽንኩርት ይሁን ሌላ አላውቅም፣ ያኔ ምን ትጠይቂያለሽ?

ግን ካሰብነው… ጋሼ ከመንገድ ተመልሰው፣ በአቧራ ጋራዥ ውስጥ፣ ፔዳሉ ብቻ ንጹሕ ሆኖ ካገኙት… አይ። ይህ እኔ የፈጠርኩት ነው። ሊሆን ይችላል። ወይም ደግሞ ያን ቀን የጠረጉት እትዬ እንዳያዩ… ከምን? የኔን ጫማ? ተዉት። እንደ ፖሊስ መመርመር ጀመርኩ። ሰውዬው ጨርቅ ያዙ፣ ጠረጉ። በቃ።

ስለ ሄልሜቱ ልነግራችሁ ነበር፣ ረስቼው። ጋሼ ከጋራዡ እስከ በሩ ድረስ እንኳን ያለ ሄልሜት አያስኬዱም። የዓረቢያው ሎረንስ የሚባለው የእንግሊዝ መኮንን በ1935 ከብራፍ ሱፒርየር ሞተሩ ላይ ወድቆ ነው የሞተው። ሳይክል የሚነዱ ሁለት ልጆችን ሊያድን ሲል። ካዩት ሐኪሞች አንዱ ሂዩ ኬርንስ የሚባል የአንጎል ቀዶ ሐኪም ነበር። ነገሩ አልለቀው ብሎ የጦሩን መልእክተኞች የጭንቅላት ጉዳት አጠና። ጥናቱ በ1941 ወጣ። በዚያው ዓመት ጦሩ ለሞተረኞቹ ሄልሜት ግዴታ አደረገ። ኤም 20 የሚነዱትን ማለት ነው። ጋሼ ይህን ሲያወሩ እያንዳንዷን ነገር ቀስ ብለው፣ እንደ ጸሎት… አይ፣ እንደ ጸሎትም አይደለም። እንደሚቆጣ ሰው። ለምን እንደሚቆጡ አይገባኝም ነበር። አሁንም አልገባኝም። ልጆቹን ለማዳን መሆኑን ሁልጊዜ ይደግሙታል።

ለማንኛውም። ሰውዬው ደውሏል። ቁጥሩን አጣርቶ አምኗል፣ ሊገዛት ይፈልጋል። ቀለሟን አልነካም ብሏል፣ ይህ ደስ ብሎኛል። ጋሼ አዲስ ቀለም የተቀባ አሮጌ ሞተር ሲያዩ ፊታቸውን ያዞራሉ፤ የተላጠውም ታሪኳ ነው ይላሉ። እኔ እንኳ ትንሽ ማብረቅረቅ አልጠላም፣ አሁን ስለሌሉ ልናገረው።

አንድ ነገር ብቻ ለመነኝ ሰውዬው። አነሳሷን ጽፈሽ ላኪልኝ አለ። ጋሼ ደብተር ነበራቸው፣ የዘይቱን ዓይነት፣ የካንዴላውን ክፍተት፣ ሁሉን ጽፈውበታል። ገለባበጥኩት። አነሳሷን አልጻፉም። ስለዚህ እኔ ቁጭ ብዬ ጀመርኩ። ቤንዚኑን ክፈት። ፒኗን ተጫን። አየሩን ዝጋ። ብልጭታውን… ትንሽ አዘግይ። ትንሽ ማለት ስንት ነው? ጣቴ ያውቀዋል። ለካ ጣቴ የሚያውቀው ለዓመታት ቆሜ የሳቸውን ጣት ሳይ ስለከረምኩ ነው፣ ማንም አላስተማረኝም፣ እሳቸው እንኳ አይደሉም፣ ወይም ደግሞ…

እንጃ። ወረቀቱ እዚያ ጋ ቆሟል። ሰውዬው ይጠብቃል። እትዬ ደግሞ ትናንት «ሽጫት» አሉኝ፣ ዛሬ ጠዋት ደውለው «ለሰውዬው ምንም አላልሽውም አይደል?» አሉ። አላልኩም አልኳቸው። ዘጉት።

አሁን በሩን ልክፈትላት፣ ልትሰብረው ነው። ሌላ ጊዜ… አይ፣ በዚያ ሌላ ጊዜ ቃል አልገባም። ቻው።